«አልተገኘም» ይግባኝ የለውም

መዝገብ ቤት ስሰራ አንድ አዛውንት ሶስት ጊዜ ተመላልሰው መጡ። የሚፈልጉት የራሳቸውን የስራ ፋይል ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፤ በወጣትነታቸው እዛው መስሪያ ቤት ያገለገሉባቸው አመታት ጡረታቸው ላይ እንዲቆጠሩላቸው የቅጥር ደብዳቤያቸው ኮፒ ያስፈልጋቸዋል። የመጀመሪያ ቀን ፈለግኩ፣ አጣሁት። ሁለተኛው ቀን ከባልደረባዬ ጋር ሆነን መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አየነው፣ የለም። በሶስተኛው «አባባ፣ ፋይልዎ አልተገኘም» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው አዩኝና «የኔ ልጅ፣ አንሰጥም ብትይኝ ኖሮ አለቃሽ ጋር ሄጄ እከስሽ ነበር። አልተገኘም ካልሽኝ ግን ማንን ልክሰስ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም መልስ አልጠበቁም፣ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። እኔ ግን ስለ ግልጽ መንግስት ያነበብኩትና በስልጠና የሰማሁት ነገር ሁሉ ከዛች ቀን በኋላ ሌላ መልክ ያዘብኝ፣ እና ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ስለሷ ጥያቄ ነው።

ስለ ግልጽ መንግስት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ህጉ ነው። መረጃ የማግኘት መብት፣ በስንት ቀን መልስ ይሰጣል፣ ምኑ ሚስጥር ነው፣ ይግባኝ የሚሰማው ማን ነው ምናምን። ይሄ ሁሉ ያስፈልጋል። ግን ህጉ እንዳለ የቆመው ወረቀቱ አለ፣ ያለበትንም ቦታ የሚያውቅ ሰው አለ በሚል እምነት ላይ ነው። «አይሰጥም» ያለ ሰው ፊርማውን ያኖራል፣ በየትኛው አንቀጽ ነው ተብሎ ይጠየቃል፣ ፍርድ ቤት ድረስ ሊጎተት ይችላል። «አልተገኘም» ግን የማንም ስራ አይደለም፣ ማንም አልፈረመበትም፣ ደብቆ ያለውም ሰው ከልቡ ፈልጎ ያጣውም ሰው የሚናገሩት ያችኑ አንዲት ቃል ነው። ጠያቂው ደግሞ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። መዝገብ አያያዙ የተበላሸ መስሪያ ቤት ክፉ ሰው ባይኖርበት እንኳ ዝግ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ነገሩ ገና ከጅምሩ የገባቸው ስዊድኖች ይመስሉኛል። እ.ኤ.አ. በ1766 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው አመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የፕሬስ ነጻነት ህግ አወጡ፣ ዜጋው የመንግስትን ሰነድ እንዲያይ፣ እንዲገለብጥና እንዲያሳትም የፈቀደ፣ በአለም የመጀመሪያው የሚባለው ህግ ነው። ከጀርባው ብዙ የለፋው አንደርስ ኪዴኒየስ የሚባል ቄስ ነበር፣ ፊንላንድ ያኔ የስዊድን አካል ስለነበረች ከዛ በኩል ነው ወደ ምክር ቤቱ የመጣው። አሜሪካኖቹ የነሱን ህግ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የፈረሙበት በ1966 ነው፣ ልክ ሁለት መቶ አመት ቆይቶ ማለት ነው። እኔን ግን የሚገርመኝ ቀዳሚነታቸው ብቻ አይደለም። ዛሬ ስዊድን ውስጥ አንድ ሰነድ መስሪያ ቤት ሲገባ ወይም እዛው ሲዘጋጅ በመርህ ደረጃ ሳይውል ሳያድር መመዝገብ አለበት፣ መዝገቡ ራሱም ለህዝብ ክፍት ነው። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት እስቲ። ሰውየው ሰነዱን ብቻ ሳይሆን የሰነዶቹን ዝርዝር ማየት ይችላል፣ ስለዚህ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ያውቃል። በዚህ ቀን፣ በዚህ ቁጥር፣ ከዚህ መስሪያ ቤት የገባው ደብዳቤ ይሰጠኝ ሲል «አልተገኘም» የሚባል መልስ መውጫ ያጣል፣ ምክንያቱም መግባቱ ተጽፏል። የምስጢር ሰነድ እንኳ ቢሆን መኖሩ ከታወቀ ክርክሩ ስለ ምክንያቱ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ሊያሸንፉበትም ሊሸነፉበትም የሚቻል ክርክር ነው።

መዝገብ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ስራው ወረቀት መደርደር ይመስለዋል። አንዲት ደብዳቤ ስትገባ የሚሆነውን ልንገራችሁ። የደረሰችበት ቀን ይመታባታል፣ ቁጥር ይሰጣታል፣ ገቢ መዝገብ ላይ ከማን እንደመጣች፣ ስለምን እንደሆነች፣ ስንት ገጽ አባሪ እንዳላት ይጻፋል። ከዛ ጉዳዩ ቀድሞ ፋይል ያለው ከሆነ እዛ ትገባለች፣ ከሌለው አዲስ ይከፈትለታል። ፋይሉ ውስጥ ስትገባ ገጽ ቁጥር ይጻፍባታል፣ ይቺ የገጽ ቁጥር ትንሽ ነገር ትመስላለች ግን ከ34 ቀጥሎ 36 ከመጣ አንድ ወረቀት እንደወጣ የምትመሰክረው እሷ ብቻ ናት። ፋይሉ ወደ ሃላፊ ሲሄድ ባዶ በቀረው ቦታ ላይ ማን እንደወሰደውና መቼ እንደወሰደው የተጻፈበት ካርድ ይቆማል። ያ ካርድ ከሌለ ፋይሉ አንዴ ከመደርደሪያው ከወጣ በቃ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ወረቀት ተጭኖበት አመት ሊያድር ይችላል፣ ሲጠየቅም «አልተገኘም» ይባላል።

ይሄን ሁሉ የምታፈርስ አንዲት ፋይል አለች፣ ስሟ «ልዩ ልዩ» ነው። የትኛውም መዝገብ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ፣ አለች። ደብዳቤው የየት እንደሆነ ማሰብ ሲያደክም፣ ሰዓት ሲያልፍ፣ አዲስ የመጣ ሰራተኛ መጠየቅ ሲያፍር፣ እዛ ይከተታል። እኛ ጋር አራት «ልዩ ልዩ» ነበሩ፣ ከመወፈራቸው የተነሳ የታሰሩበት ገመድ የማይዘጋ። አንድ ጊዜ ከውስጣቸው የአንድ ትልቅ ግዢ የጨረታ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ አገኘሁ። ኦዲተሮች ለወራት የጠየቁት፣ ሰው ሁሉ ሆን ተብሎ ተሰውሯል ብሎ የተጣላበት፣ አራት ገጽ ወረቀት። በመካከሉ ያለጥፋታቸው የተጠረጠሩ ሰዎች ነበሩ፣ ያኔ ስማቸው ጎድፏል፣ ቃለ ጉባኤው ሲገኝ ግን ማንም ጠርቶ ይቅርታ ያላቸው የለም። ግልጽነት የሚጠቅመው ጠያቂውን ብቻ ነው የሚሉ ሃላፊዎች ሲያጋጥሙኝ እነዚያን ሰዎች ነው የማስባቸው፤ ንጹህ የሰራ ሰው ንጹህ እንደሰራ የሚያሳይለት ያው ወረቀቱ ነው እኮ።

እና ደግሞ ወረቀት ምን እንደሚመሰክር የጻፈው ሰው ራሱ አያውቅም። በዚህ ላይ እንደ ጓቲማላው ታሪክ ልቤን የነካኝ የለም። በ2005 አንድ የጥይት መጋዘን ከፈነዳ በኋላ የሰብአዊ መብት ተቆጣጣሪው መስሪያ ቤት ሰዎች ስለ ፈንጂ ስጋት ሊያጣሩ ወደ አንድ የፖሊስ ግቢ ይገባሉ፣ እና እዛ እርጥበት የበላቸው፣ አይጥ የገባባቸው የወረቀት ክምሮች ያገኛሉ። የቀድሞው ብሔራዊ ፖሊስ ማህደር ነበር፣ ወደ 80 ሚሊዮን ገጽ ተገምቷል። ለአመታት የጠፉ ሰዎች ቤተሰቦች ሲጠይቁ የለም ይባሉ የነበሩት ሰነዶች ናቸው። ከጠፉት አንዱ ኤድጋር ፈርናንዶ ጋርሲያ ነው፣ ተማሪም የሰራተኛ ማህበር ሰውም ነበር፣ በየካቲት 1984 ተይዞ ተወሰደ፣ ከዛ ወዲህ ያየው የለም። ታዲያ በ2010 ሁለት የቀድሞ ፖሊሶች እያንዳንዳቸው 40 አመት ሲፈረድባቸው ማስረጃ ሆኖ ከቀረበው ውስጥ ምን ነበር መሰላችሁ፣ በዛ ቀን በዛ ቦታ ለሰሩት ኦፕሬሽን ሜዳሊያ እንዲሰጣቸው የተጻፈ የአለቆቻቸው ድጋፍ። ያንን የጻፈው ጸሃፊ ወንጀል እየመዘገብኩ ነው አላለም፣ የእለት ስራውን ነው የሰራው፣ ስም፣ ቀን፣ ቦታ። ሃያ ስድስት አመት ሙሉ የጠፋ ባሏን የምትፈልግ ሚስትና አባቷን የማታውቅ ልጅ መልስ ያገኙት ግን ከዛ የእለት ስራ ነው።

ወረቀቶቹ እንዲሁ ተገኙና አለቀ እንዳይመስላችሁ። ሰዎች ጭምብልና ጓንት አድርገው ገጽ በገጽ አጽድተው፣ የየትኛው ክፍል እንደነበረ ለይተው፣ መጀመሪያ የነበሩበትን ቅደም ተከተል ጠብቀው፣ ስካን አድርገው፣ ለአመታት ሰርተው ነው ማስረጃ የሆኑት። ቅደም ተከተሉን ማፍረስ ምን ያህል እንደሚያጓጓ እኔ አውቃለሁ፣ ሰው ዝርክርክ ክምር ሲያይ በርእስ ልደርድረው ይላል። ግን ወረቀት ከአጠገቡ ካለው ወረቀት ጋር ነው የሚናገረው፤ ከፋይሉ ከወጣ ማን ለማን እንደመለሰ፣ ማን አይቶ እንዳለፈ የሚነግረን ነገር የለም።

ማስወገድ ላይ ደግሞ ሰው የሚሳሳተው በሁለቱም በኩል ነው። አንዳንዱ ሁሉም ይቀመጥ ይላል፣ አይሆንም። የአሜሪካ ብሔራዊ ማህደር እንኳ ለዘለቄታው የሚያስቀምጠው ከመንግስት ሰነድ ከ1 እስከ 3 በመቶ የሚሆነውን ብቻ ነው፣ ሌላው እንደየአይነቱ የማቆያ ጊዜ ተቆርጦለት ጊዜው ሲያልቅ በህግ ይወገዳል። የማያስፈልገው ሲከማች የሚያስፈልገውን ይውጠዋል፣ ስለዚህ በስርአት ማስወገድ ራሱ የግልጽነት ስራ ነው፣ ምን፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ እንደተወገደ የሚያሳይ ዝርዝር እስከቀረ ድረስ። ዝርዝሩ ካለ «የለም» የሚለው መልስ ቢያንስ አባት አለው።

ግን ደግሞ የእንግሊዝን የዊንድረሽ ጉዳይ ተመልከቱ። ከካሪቢያን ደሴቶች ገና በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር የገቡ፣ ከ1973 በፊት ስለመጡም የመኖር መብት ያላቸው ሰዎች፣ ከአስርት አመታት በኋላ ማስረጃ አምጡ ተባሉ። ከስራ የተባረሩ አሉ፣ ህክምና የተከለከሉ አሉ፣ የታሰሩና ከሀገር የተባረሩም አሉ። ጉዳዩ በ2018 ሲፈነዳ የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ስራ እስከመልቀቅ ደረሰች። በመሀል የታወቀው ነገር ግን ሰዎቹ የገቡበትን ቀን የያዙት የመርከብ መግቢያ ካርዶች በ2010 መወገዳቸው ነው። ያስወገዷቸው ሰዎች ለማንም ክፋት አስበው ነው ማለት አልችልም፣ አሮጌ ካርድ ነው፣ ቦታ ይይዛል፣ ማን ይፈልገዋል ብለው ይሆናል። እዛ ጠረጴዛ ላይ ግን አንድ ጥያቄ አልተነሳም፤ ይሄ ወረቀት ለኛ አልቆ ይሆናል፣ ስሙ ላዩ ላይ ለተጻፈው ሰውስ? እኔ ማስወገጃ ኮሚቴ ውስጥ በተቀመጥኩ ቁጥር ጮክ ብዬ የምጠይቃት ጥያቄ ይቺ ናት፣ ሰዎች ሲሰለቹብኝም አይቻለሁ፣ ግድ የለኝም።

እሳትም አለ። በሀምሌ 1973 ሴንት ሉዊስ አካባቢ ያለው የአሜሪካ የወታደሮች ፋይል ማእከል ተቃጠለ፣ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ፋይል ጠፋ። ኮፒ አልነበራቸውም፣ ማይክሮፊልም አልተነሳቸውም፣ የተሟላ ማውጫ እንኳ አልነበረም፣ ስለዚህ ከእሳቱ በኋላ ምን እንደጠፋ በትክክል የሚናገር አልነበረም። ውሃና እሳት የነካቸውን 6.5 ሚሊዮን የሚሆኑ አተረፉ፣ አድርቀው፣ አንድ በአንድ። የማውጫን ዋጋ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ማውጫ ያለው መስሪያ ቤት ቢቃጠልበት ያጣውን ያውቃል፣ ለየትኛው ዜጋ ከሌላ ቦታ ማስረጃ ማፈላለግ እንዳለበትም ያውቃል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ድሮ ፍርሃታችን ወረቀት ይጠፋል ነበር፣ ዛሬ ፍርሃቴ ገና ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። ውሳኔ በስልክ ይወሰናል፣ በሜሴጅ ይተላለፋል፣ ሜሴጁ በአንድ ሰው የግል ስልክ ላይ ነው፣ ሰውየው ስልክ ሲቀይር የመስሪያ ቤቱ ትዝታ አብሮ ይቀየራል። ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ በ2015 የወጣ አንድ የምርመራ ሪፖርት አለ። ብዙ ሴቶች ስለጠፉበትና ስለተገደሉበት አውራ ጎዳና የተጻጻፉት ኢሜይል በህግ ሲጠየቅ፣ በሃላፊዎቹ ዙሪያ ያሉ ሰዎች ኢሜይላቸውን «ሶስቴ ማጥፋት» የሚሉት ልማድ እንዳላቸው ታወቀ። መጀመሪያ ኢሜይሉን ወደ ተጣለ ፎልደር መላክ፣ ከዛ ከፎልደሩ ማጥፋት፣ ከዛም ሲስተሙ ለመመለሻ የሚያቆየውን ኮፒ ገብቶ ማጥፋት። ሶስት ክሊክ። ከዛ «ሰነድ አልተገኘም»፣ እና በደረቁ ስታዩት መልሱ እውነት ነው! የሚያመኝም እሱ ነው፤ አዛውንቱ የሰሙት ቃል ያችው ናት፣ የኔዋ ከልብ ነበረች፣ የነዚህ ደግሞ ሆን ተብሎ የተሰራች። ከዛ ጉዳይ በኋላ ግዛቲቱ ህጓን አሻሽላ ውሳኔን በጽሁፍ የማኖር ግዴታ አስገባች። በኔ እምነት እንደዚህ አይነት ግዴታ የሌለው የመረጃ ህግ ግማሹን ነው የተጻፈው። የመጠየቅ መብት ሰጥቶ የመጻፍ ግዴታ አለመጣል፣ በር ከፍቶ ቤቱን ባዶ ማድረግ ነው።

አሜሪካም ውስጥ ኦባማ በህዳር 2011 ለመስሪያ ቤቶች ባወጣው መመሪያ የመዝገብ አያያዝን የግልጽ መንግስት አከርካሪ ብሎታል። እኛ የሙያው ሰዎች ይሄን አነጋገር እንወደዋለን፣ በየስልጠናው ይነሳል። ከአነጋገሩ በላይ የምወደው ግን ቀጥሎ የመጣውን ስራ ነው፣ ኢሜይልን እያንዳንዱ ሰራተኛ እንደፈቀደ መርጦ እንዲያስቀምጥ ከመተው የትልልቅ ሃላፊዎቹን የመልእክት ሳጥን እንዳለ ወስዶ ማቆየት ጀመሩ። ምርጫውን ከሚጠየቀው ሰው እጅ አወጡት ማለት ነው።

ሲስተም ገዝተናል፣ ሁሉንም ስካን አድርገናል፣ ችግራችን ተፈቷል የሚሉ መስሪያ ቤቶች ደግሞ አሉ። ደስ ይላል፣ ግን ገብታችሁ ስታዩ ፎልደሩ ውስጥ «ስካን 1»፣ «ስካን 2»፣ «ስካን አዲሱ»፣ «ስካን አዲሱ የመጨረሻው» የሚል አለ። ቀን የለም፣ ቁጥር የለም፣ የየትኛው ፋይል እንደሆነ የለም። ይሄ «ልዩ ልዩ» ነው፣ መብራት የሚፈልግ «ልዩ ልዩ»። ወረቀቱ ቢያንስ በእጅ ይገለጥ ነበር። የዲጂታሉ ሌላው ጣጣው መሳሪያው ነው። እንግሊዞች በ1086 ንጉሱ ያስመዘገበው የመሬትና የንብረት መዝገብ ዛሬም ተከፍቶ ይነበባል፤ የዛኑ 900ኛ አመት ምክንያት አድርገው በ1986 በሌዘር ዲስክ ያዘጋጁት አዲሱ ስራ ግን ገና ሃያ አመት ሳይሞላው የሚያነበው ማሽን ጠፍቶ ባለሙያዎች ደክመው ነው ያተረፉት። ስለዚህ ዲጂታል ሰነድ እንደ ህጻን ነው፣ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ በየጊዜው አይቶ ወደ አዲስ ፎርማት የሚያዛውረው፣ ባክአፑን ከፍቶ የሚሞክር ሰው ይፈልጋል። ባክአፕ አለን ይላሉ፣ ከፍታችሁት ታውቃላችሁ ወይ ስትሏቸው ዝም ነው።

እኛ በፊደል ለምንጽፍ ደግሞ ሌላ የሚያደክም ነገር አለ። አንዱ «ሥራ» ይላል ሌላው «ስራ»፣ አንዱ «ዓመት» ሌላው «አመት»፣ «ፀሐይ»፣ «ጸሀይ»፣ ሰው ሲያነበው አንድ ነው፣ ሰርች የሚያደርገው ማሽን ግን ካልነገሩት በስተቀር ፍጹም የተለያዩ ቃላት ናቸው ብሎ ነው የሚያስባቸው። በስም ላይ ሲመጣ እንጀራ ያሳጣል። ሲስተም የሚሰሩ ልጆች ይሄን ካነበባችሁ እባካችሁ፣ በእግዜር፣ ፍለጋው ላይ ሀ ሐ ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ እንዲቆጥር አድርጉት፤ የተጻፈው እንደተጻፈ ይቀመጥ፣ ፍለጋው ብቻ ይቻቻል። ቀላል ስራ ነው፣ ግን ስንት ሰው «የለም» ከመባል እንደሚያድን አላውቅላችሁም።

ሁሉም ሰነድ ለሁሉም ይከፈት ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የሰው የህክምና ካርድ፣ የልጅ ጉዳይ፣ የጥቆማ ሰጪ ስም አለ። ምስራቅ ጀርመኖች የምስጢር ፖሊሳቸው ስታዚ 111 ኪሎ ሜትር ተደርድሮ የሚቀመጥ ፋይል ትቶላቸው ነበር፣ ሰዎቹ ቀድደው በጆንያ የሞሉት ሳይቆጠር፤ በጥር 1990 ህዝቡ በርሊን ያለውን ዋና መስሪያ ቤት ገብቶ ባያስቆማቸው የቀረውም አይኖርም ነበር። በኋላ ህግ አውጥተው ከ1992 ጀምሮ ማንም ሰው ስለራሱ የተጻፈውን እንዲያይ ፈቀዱ፣ ፋይሉ ውስጥ ያሉ የሌሎች ተበዳዮች ስም ግን እየተሸፈነ። ያንን መለየት የሚቻለው ፋይሉ ውስጥ ምን እንዳለ ሲታወቅ ነው። ምን እንደያዘ የማያውቅ መስሪያ ቤት ወይ ሁሉንም ይዘጋል፣ ወይ ሳያውቅ የሰው ገመና ያወጣል።

ይሄን ስራ የሚሰሩት ሰዎችስ? ብዙ ቦታ መዝገብ ቤት ሰው የሚቀጣበት፣ ከሌላ ክፍል የተጣላ የሚላክበት ምድር ቤት ነው። መስኮት የሌለው፣ አቧራ የሞላ፣ ሃላፊው በአመት አንዴ የማይወርድበት። እኔ እዛ ያገኘኋቸው ሴቶች የአስራ አምስት አመት ፋይል በሽፋኑ ቀለም የሚያስታውሱ ነበሩ፣ አንዷ ጡረታ ስትወጣ መስሪያ ቤቱ ግማሽ አእምሮውን አጣ፣ የምታውቀውን ተቀምጦ የጻፈላት ሰው አልነበረማ። ለመረጃ ህጉ ማስፈጸሚያ ስብሰባ ሲጠራ የህዝብ ግንኙነት ይጠራል፣ ህግ ክፍል ይጠራል፣ መዝገብ ቤት አይጠራም። ከዛ ጥያቄ ሲመጣ ወደ ማን ነው የሚደወለው? ወደ ምድር ቤት። «በቶሎ ፈልጊልን፣ ነገ ቀነ ገደቡ ነው»። ጥያቄው ከመምጣቱ ከአስር አመት በፊት መመለስ የነበረበት ነገር በአንድ ከሰአት አይመለስም።

ጨረታን፣ በጀትን፣ ቃለ ጉባኤን ሳይጠየቁ ቀድሞ ማውጣት የሚባለውም ያው እዚሁ ይወድቃል። ዌብሳይት መክፈት ይቻላል፣ የሚለጠፈው ዳታ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳጸደቀው፣ መቼ እንደተስተካከለ ከጀርባው ያለው መዝገብ ካልተናገረ ግን ሰው የሚያምንበት ምክንያት የለውም፣ አለማመኑም ትክክል ነው።

የአዛውንቱ ፋይል ተገኘ። አራት ወር ያህል ቆይቶ ነው፣ ቀለም ሊቀባ መደርደሪያዎቹን ስናዞር። ስማቸውን እሳቸው በአልፋው አ ነው የሚጽፉት፣ እኛም እዛ ነበር የፈለግነው፣ አንድ ከኛ በፊት የነበረ ሰው ግን ሽፋኑ ሲያረጅበት አዲስ ሽፋን ቀይሮለት በአይኑ ዐ ጽፎት ኖሯል፣ እና ሌላ መደርደሪያ ላይ፣ ሌላ ረድፍ ውስጥ፣ ተራውን ጠብቆ በስርአት ተቀምጧል። ማንም አልደበቀውም። ማመልከቻቸው ላይ በጻፉት ስልክ ደወልኩ፣ በነጋታው መጡ።

ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ገጽ 1 የራሳቸው የስራ ማመልከቻ ነው፣ በልጅነት እጃቸው የተጻፈ፣ ቀጥ ያለ፣ ሰፋ ሰፋ ያለ ፊደል። ጣታቸውን መስመሩ ላይ እያስኬዱ አነበቡት፣ ድምጽ ሳያወጡ። የቅጥር ደብዳቤው ገጽ 4 ነበር። ኮፒ አድርጌ፣ ማህተም አስመትቼ፣ መዝገቡ ላይ አስፈርሜ ሰጠኋቸው። መቼም ይሄን ሁሉ ካመላለስኳቸው በኋላ ቶሎ ይሄዳሉ ብዬ ነበር፣ እሳቸው ግን ብድግ ካሉ በኋላ ተመልሰው ተቀመጡ። «የፋይሉን ቁጥር ጻፊልኝ» አሉ። ከደብተሬ ትንሽ ወረቀት ቀድጄ ቁጥሩን ጻፍኩላቸው፣ መደርደሪያውንም ረድፉንም ጨመርኩበት። አይተውት፣ አንድ ቁጥር አልነበብ ብሏቸው በደንብ እንድጽፈው አደረጉኝ፣ ከዛ አጥፈው መታወቂያቸው ሽፋን ውስጥ ከተቱት።